ስሙን ሰምቼው የማላውቀውን ትንሽ ቲቪ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አባቴ ዘንድሮ ከገጠር መጥተው ከእኔ ጋር መኖር ጀምረዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ብቻቸውን ስለሚውሉ ትንሽ ቴሌቪዥን ልገዛላቸው አስቤያለሁ። ዜናና መዝሙር ይወዳሉ። ዐይናቸው ደከም ብሏል። ደብረ ብርሃን ሄጄ ሳጠያይቅ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የውጭ ብራንድ፣ ባለ 24 ኢንች፣ በ12,500 ብር አገኘሁ። ስሙ የታወቀው ባለ 32 ከእጥፍ በላይ ነው የተባልኩት። የሥራ ባልደረባዬ «የማይታወቅ ዕቃ ገዝተሽ ብርሽን አትጣዪ» ትለኛለች። ሻጩ ደግሞ «ሁሉም ያው ቻይና ነው» ይላል። ማንን ልመን? መብራት እኛ ጋ ይሄዳል ይመጣል። ዲሽና አሮጌ ሪሲቨር አለኝ። የብራንዱን ስም ከታች ጽፌልዎታለሁ።

መልስ

እህቴ፣ አባትሽን እግዚአብሔር ያቆይልሽ። ለአባት የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ነው የምመልስልሽ።

ሻጩ የነገረሽ ውሸት አይደለም። ለእሱ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ ነው የነገረሽ። የጻፍሽልኝን ስም እዚህ አላወጣውም፤ ለእኔም ምንም አይነግረኝም። እንዲህ ያለ ስም አንድ አስመጪ ፋብሪካ ሄዶ «ይሄን ለጥፉልኝ» ብሎ የሚያስለጥፈው ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ይኖራል፣ ከርሞ ይጠፋል። ስለዚህ ከስሙ ላይ ዐይንሽን አንሺና ዕቃውን እንየው።

ቲቪ ማለት ጥቂት ክፍሎች አንድ ላይ የተገጠሙበት ነገር ነው። ሥዕሉ የሚታይበት ፓኔል አለ። ከፓኔሉ ኋላ የሚያበሩ የኤልኢዲ መብራቶች አሉ። ዋናው ቦርድ አለ። ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ አለ። ስፒከር አለ። ፓኔል የሚሠሩ ትልልቅ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ቢኦኢ፣ ሲኤስኦቲ፣ ኤችኬሲ የሚባሉት የቻይና ኩባንያዎች አብዛኛውን ገበያ ይዘውታል። ሳምሰንግ ራሱ የኤልሲዲ ፓኔል መሥራት እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሞ ከሌሎች ይገዛል። የቶሺባ የቲቪ ሥራም እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ቻይናው ሃይሴንስ ዞሯል። እኔ ቲቪ ጠጋኝ ነኝ፤ የታወቀውንም የማይታወቀውንም ስከፍት አንድ ዓይነት የፓኔል ኮድ የማገኝበት ጊዜ አለ።

ታዲያ የዋጋው ልዩነት ከየት መጣ? ዱቄቱ ከአንድ ወፍጮ ቢመጣም እንጀራው እንደ ጋጋሪዋ ነው። ርካሹን የሚገጥመው ሰው በመብራቶቹ ቁጥር ይቆጥባል። አሥር መብራት የሚያስፈልገው ቦታ ስድስት ያደርግና ስድስቱን በሙሉ ጉልበታቸው ያነዳቸዋል። ሱቅ ውስጥ ደምቆ ያበራል። ቤት ገብቶ ጥቂት ሲቆይ አንዱ መብራት ይቃጠላል፤ ተያይዘው ስለተሰመሩ ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም። ወደ እኔ ከሚመጡት ትንንሽ ቲቪዎች ብዙዎቹ በዚህ ነው የሚመጡት። ፓወር ሰፕላዩም ላይ እንዲሁ ይቆጠባል። ከቮልት መዋዠቅ የሚከላከሉ ትንንሽ ዕቃዎች ቦታቸው ባዶ ሆኖ ቦርዱ ላይ ይታያል። ቀዳዳው አለ፣ ዕቃው የለም።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። በራሱ ስም የሚሸጥ የማይታወቅ ቲቪ በታወቀ ስም ከሚሸጥ ፎርጂድ በብዙ ይሻላል። ከትልቅ ስም አንድ ፊደል ቀይሮ ወይም ጨምሮ የተጻፈ ካየሽ ጥለሽው ውጪ። ስሙን የሰረቀ ሰው በመጠኑም፣ በዋቱም፣ በዋስትናውም ይዋሻል።

አሁን ቲቪውን አዙሪው። ከጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍ ከፊቱ ስም የበለጠ ያወራል። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ፈልጊ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መብራት ሲዳከም ወደ 170 እና 160 ሲወርድ ሰፊ ክልል ያለው ቲቪ ሳይጠፋ ይቀጥላል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ እንዳትሰኪው። ጽሑፉ ላይ ዋቱም አለ። ባለ 24 ከ25 እስከ 36 ዋት አካባቢ ነው። ምንም ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ቲቪ ከሆነ ግን ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስልሽም አትውሰጂ።

ለመሐል ሜዳ ሰው ለየት ያለ ምክር ደግሞ አለኝ። ከቻይና የመጡ ብዙ ዕቃዎች ላይ የተራራ ምስልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት ታያለሽ። ዕቃው ለደኅንነት የተፈተነው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላሉ ቦታዎች ነው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። እናንተ ከ3,000 በላይ ናችሁ። ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል። የሳሳ አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድም፤ ከፍ ያለ ቮልት በሁለት ሽቦ መካከል እንዳይዘል የመከልከል አቅሙም ይቀንሳል። ይህን ብዬ አትፍሪ። አዲስ አበባም ከ2,000 በላይ ናት፣ ቲቪው ሁሉ እየሠራ ነው። ግን አየር ያስፈልገዋል። ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቂው። ከላይ የሚለብሰውን ዳንቴል ሲበራ አንሺለት። ቡፌው ውስጥ ጠቅጥቀሽ አታስገቢው። ብርድ ነው ብለሽ ከምድጃ አጠገብም አታድርጊው፤ ጭሱ ቦርዱ ላይ ይጋገራል።

ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የተያያዘ አንድ ምርጫም አለ፤ እኔ ብሆን ይህን ነው የምመርጠው። ከትንንሽ ቲቪዎች አንዳንዶቹ ኃይል የሚወስዱት እንደ ላፕቶፕ ከውጭ ባለ አዳፕተር ነው። ወደ ቲቪው የሚገባው 12 ቮልት ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ገፍቶ ከመጣ መጀመሪያ የሚመታው አዳፕተሩ ነው። አዳፕተር ተቃጠለ ማለት በጥቂት ብር ሌላ ትገዢያለሽ። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ ያለበት ከሆነ ግን ተከፍቶ መጠገን አለበት፤ አንዳንዴም ዋናውን ቦርድ ይዞት ይሄዳል። ሱቁ ሁለቱም ዓይነት ካለው ባለ አዳፕተሩን ውሰጂ። ስትወስጂ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ተለዋጭ ስትፈልጊ ቮልቱ አንድ መሆን አለበት፤ አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ። ዐይናቸው ደከም ብሏል ካልሽ መጠኑ ላይ እናስብ። 24 ኢንች የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ ሲሆን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትር ይዘሽ ሂጂና ስክሪኑን ብቻ ለኪ፤ ጠርዙን አትቁጠሪ። ሞዴል ቁጥሩ ላይ 24 ተጽፎ ስክሪኑ 50 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቲቪ አጋጥሞኛል። 24 ኢንች ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሲርቅ ከዜናው ሥር የሚሄደው ጽሑፍ ለደከመ ዐይን አይነበብም። አባትሽ መቀመጫቸውን አስጠግተው የሚያዩ ከሆነ ይበቃቸዋል። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ከወዲያኛው ግድግዳ የሚያዩ ከሆነ ግን ባይታወቅም ባለ 32 መፈለግ ይሻላል። መጠን ላይ የሚጨመር ብር ስም ላይ ከሚጨመር ብር ይልቅ ለእሳቸው ይጠቅማል።

አባትሽ የሚቀመጡት ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ወይም መደብ ላይ ነው? ይህን ሱቅ ውስጥ ማንም አይጠይቅሽም፤ እኔ ግን እጠይቃለሁ። አንዳንድ ርካሽ ፓኔል ፊት ለፊት ሲያዩት ጥሩ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ሲያዩት ሥዕሉ ይጠቁራል፣ የሰው ፊት እንደ ፎቶ ነጋቲቭ ይገለበጣል። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለሽ እይው። ወደ ጎንም ሂጂ። ከታች ሲታይ የሚጠቁር ከሆነ ቤት ዝቅ አድርገሽ ማስቀመጥ ይኖርብሻል ወይም ሌላ ማየት ነው።

ሳይበራ አትግዢ። ካርቶን ታሽጎ «አዲስ ነው፣ አይከፈትም» ከተባልሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ፍላሽ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፎቶ ጭነሽ ውሰጂ። አንድ ቪዲዮም ጨምሪ። ነጩ ላይ የደበዘዘ ቦታ ካለ መብራቱ እኩል አይደለም። ጥቁሩ ላይ የምትበራ ነጥብ ካለች የተበላሸች ናት፤ ብዙ ጊዜ አትድንም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርገሽ ስሚ። መዝሙር ለሚወድ ሰው ድምፅ ከሥዕል አይተናነስም፤ ቀጭን ቲቪ ደግሞ ስፒከሩ ደካማ ነው። ድምፁ ከተንጣጣ እዚያው ተይው። ግማሽ ሰዓት ያህል እየበራ ይቆይ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር አትፈሪ፤ ብሩ ያንቺ ነው።

ሪሲቨሩ ነገር። አሮጌ ነው ብለሻል። ከኋላው ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ከሌለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ነው የሚጠቀመው። አዳዲስ ትንንሽ ቲቪዎች አንዳንዶቹ እነዚህን ሦስት ቀዳዳ አውጥተው በአንድ ትንሽ ቀዳዳ ተክተዋቸዋል፤ መቀየሪያ ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን እይ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሪሲቨር ውስጡ ያለው ቲቪ ነው። ጽሑፉ ላይ «ዲቪቢ ኤስ2» ወይም «ቲ2ኤስ2» የሚል አለ፤ ከኋላው ደግሞ የዲሽ ገመድ የሚጠመዘዝበት ቀዳዳ አለው። የዲሹን ገመድ በቀጥታ ትሰኪለታለሽ። ኢትዮሳትን በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ይፈልግልሻል። ይህን አጥብቄ የምመክርሽ ለአባትሽ ስል ነው። ሪሲቨርና ቲቪ ሲለያዩ ሪሞት ሁለት ይሆናል። በሽማግሌ እጅ ሁለት ሪሞት ማለት አንዱ ሲነካ ሥዕሉ ይጠፋል፤ አንቺ ከትምህርት ቤት እስክትመለሺ ድረስ ባዶ ሰማያዊ ስክሪን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ሪሞት ከሆነ የሚያስፈልጋቸው አራት ቁልፍ ነው። እነሱን በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጊላቸው። ሱቁ ዲሽ ካለው እዚያው አሰክተሽ ፈትኚ። ቲቪው ኤልኤንቢ ወደሚባለው የዲሹ ራስ 13 እና 18 ቮልት መላክ አለበት። የአንዳንዱ ርካሽ ቲቪ ጉልበት ስለማይበቃ ግማሹን ጣቢያ ብቻ ያወጣል።

ስማርት የሚባለውን ለአሁኑ ተይው። በዚህ ዋጋ ስማርት የሚሉት ሜሞሪው ትንሽ፣ ማሻሻያ የማይመጣለት አንድሮይድ ነው። ለመክፈት ብቻ ደቂቃ ይፈጃል። ለዚያ የሚወጣው ብር ለጥሩ ስፒከር ቢውል ይሻላል። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚል ካየሽም አትደነቂ። የባለ 24 ርካሽ ቲቪ ፓኔል ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ ለዲሽ ይበቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? ሻጩን ፊት ለፊት ጠይቂው። «የዚህ ቲቪ ኤልኢዲና ቦርድ አለህ? የሚጠግንልህ ሰው ማነው?» በይው። «አይበላሽም» ካለሽ መልስ አልሰጠሽም። ሰው ከጠራልሽ ሄደሽ አነጋግሪው። እኛ ጠጋኞች ለማይታወቅ ብራንድ ብዙ ጊዜ መላ አናጣም። የፓኔሉን ኮድ አይተን ዩኒቨርሳል ቦርድ እንገጥማለን። የኤልኢዲ ዘንግ ለክተን እንቀይራለን። ስክሪኑ ከተሰበረ ግን፣ የታወቀም ይሁን የማይታወቅ፣ አበቃ። ፓኔል ለብቻው ሲገዛ የቲቪውን ዋጋ ሊደርስ ምንም አይቀረውም።

ደረሰኝ ሳትቀበዪ አትውጪ። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ከጀርባው ያለው መለያ ቁጥር ይጻፍ። ዋስትናው ምን እንደሚሸፍንም በጽሑፍ ይሁን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የሚጠየቅበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ቤት በገባበት ዕለት አብሪው፤ ካርቶን ውስጥ ለበዓል ብለሽ አታስቀምጪው።

ስታጓጉዢው ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ አታስጭኚው። ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን ጠመዝማዛ አንቺው ታውቂዋለሽ። ተኝቶ የሄደ ስክሪን ከመሃሉ ይሰነጠቃል። አቁመሽ፣ ከጉልበትሽ አጠገብ ያዢው። በብርድ ውስጥ አልፎ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ውስጡ ጤዛ ያዝላል። ስለዚህ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ።

ቤት ሲገባ መጀመሪያ የምታደርጊው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ባክላይት (የኋላ መብራት) የሚለውን ከ100 ወደ 60 ማውረድ ነው። ለሥዕሉ ብዙም አይታወቅም፤ ለመብራቶቹ ዕድሜ ግን ብዙ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማከፋፈያ ግዢና መብራት ሲሄድ አባትሽ እንዲያጠፉት አሳዪያቸው። መብራት ተመልሶ ትንሽ እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ክረምት ነጎድጓድ ሲሰማ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ ንቀሉት። መብረቅ በዲሹ ገመድ ገብቶ ያቃጠላቸውን ቲቪዎች ጠግኛለሁ።

ይህን ሁሉ ካየሽ በኋላ ጽሑፉ ትክክል ከሆነ፣ ከታች ሲታይ ካልጠቆረ፣ የሚጠግነው ሰው ካለና ደረሰኝ ከተቆረጠልሽ፣ በ12,500 ግዢው እላለሁ። ባልደረባሽ የሰጋችው ስለምታስብልሽ ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ብርሽን ይዘሽ ተመለሺ።

ሁለተኛ ጥያቄ

ከሞላሌ አካባቢ ገጠር ነኝ። መብራት የለንም። ባለ 50 ዋት ሶላርና ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለኝ። ባለ 24 ቲቪ ይችልልኛል? ኢንቨርተር ልግዛ?

መልስ

ወንድሜ፣ ኢንቨርተር አትግዛ። 12 ቮልቱን ወደ 220 ከፍ አድርጎ፣ አዳፕተሩ መልሶ ወደ 12 ሲያወርደው መንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ለአንተ ብዙ ነው። ለመምህርቷ የነገርኳትን ባለ 12 ቮልት ቲቪ ፈልግና ከባትሪው በቀጥታ አስገባ። ባትሪህ ሙሉ ሲሆን 240 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀም፤ ከዚያ ካለፍክ ቶሎ ይሞትብሃል። ቲቪው 30 ዋት፣ ሪሲቨሩ 10 ዋት ቢሆኑ ሦስት ሰዓት ያህል ታያለህ። ሪሲቨር ውስጡ ያለው ቲቪ ከሆነ አራት ሰዓት ይሄድልሃል። በበጋ ባለ 50ው ሶላር ይህን በአንድ ቀን ይሞላልሃል። በክረምት ደመና ግን አትጠብቅ፤ ያኔ ዜናውን ብቻ አይተህ አጥፋ፣ ለአምፖሉ ይትረፍህ።

ጽሑፉ ላይ የቮልት ክልል መኖሩን እይ። ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ቮልቱ እስከ 14.4 ይወጣል። ቲቪው «12 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ መሃል ላይ 12 ቮልት አስተካካይ አስገባ። ገመዱ ወፍራምና አጭር ይሁን። ቀጭን ገመድ ረዝሞ ከተዘረጋ ቮልቱ መንገድ ላይ ይወድቅና ቲቪው በራሱ እየጠፋ እየበራ ያስቸግርሃል። ከባትሪው አጠገብ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ አድርግ። ቀዩንና ጥቁሩን ሳታረጋግጥ ደግሞ እንዳትሰካው፤ ከተገለበጠ ቦርዱ በዚያው ቅጽበት ነው የሚቃጠለው።